የተገለበጠ ሞተር ሳይመረመር አይነሳ

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ አገር ሜዳውና ገደሉ የተጎራበተበት ነው። በጓሳ ዙሪያ ባለው ደጋ ትራክተር ወይም የመንገድ ሥራ መሣሪያ ከተዳፋት ላይ ተንሸራቶ ሲገለበጥ ሰው ይሰበሰባል፤ በገመድና በጉልበት ያቃናዋል። ወዲያው አሽከርካሪው «ደኅና መሆኑን እንይ» ብሎ ቁልፉን ያዞራል። በበኩሌ፣ ከመገልበጡ የተረፈውን ሞተር የሚገድለው ይህ ችኮላ ነው እላለሁ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞተሩ ሲገለበጥ ከታች የነበረው ዘይት በፒስተኑ ቀለበት አልፎ ሲሊንደር ውስጥ ይጠራቀማል። የአየር ማጣሪያው በዘይት የሚሠራ አሮጌ ትራክተር ከሆነ ደግሞ የማጣሪያው ዘይት በአየር መግቢያው በኩል ይገባል። አየር ይታመቃል፤ ዘይት ግን አይታመቅም። ስለዚህ ሞተሪኖው ሲዞር ፒስተኑ ከዘይቱ ጋር ይጋጭና ቢየላው ይጎብጣል። ሞተሩ ተገልብጦ ሳይጠፋ ከቆየም ፓምፑ በዘይት ፈንታ አየር ስለሚስብ ብሮንዚናው ይበላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድሞ የሰው ሕይወት ይታይ። ቀጥሎ ናፍጣው ይዘጋ፤ የባትሪው ገመድ ይፈታ። መሣሪያው በጎማው ከቆመ በኋላ መካኒኩ ኢንጀክተሮቹን አውልቆ ሞተሩን በእጅ ቀስ አድርጎ ያዙር። በሲሊንደር ውስጥ የቀረ ዘይት በቀዳዳው ተፈናጥሮ ስለሚወጣ ማንም ፊቱን አያስጠጋ። አልዞርም ካለ በግድ አይዞር፤ ይፈታ። ዘይቱ ተለውጦ አሮጌው ፊልትሮ ተቀዶ ይታይ፤ የብረት ፍቅፋቂ ከተገኘበት ብሮንዚናው ተጎድቷል ማለት ነው። በመጨረሻም የየሲሊንደሩ እምቅታ ይለካ፤ ከጓደኞቹ ያነሰው ሲሊንደር ቢየላው ጎብጦ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የአገራችን ከፍታ ነው። የጓሳ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ባይሞላ ሞተሩ ተበላሽቷል ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። መካኒኩ ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው ያወዳድር። የፈሰሰውን የራዲያተር ውኃም በንጹሕ ውኃ ብቻ መተካት አይበቃም፤ የታኅሣሥና የጥር ውርጭ አቁሮት ሞተሩን ይሰነጥቃልና ፀረ በረዶ ይጨመርበት።

«የእርሻ ወቅት አይጠብቅም» የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። እውነት ነው፤ ዝናብ አይጠብቅም። ነገር ግን ለምርመራ አንድ ቀን የነፈገ ማኅበር ለጥገና ወቅቱን ሁሉ ይከፍላል፤ ዕዳውም የአባላቱ ነው። መንዝ ደግሞ ትዕግሥትን ከሌላ የሚማር አገር አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስከተቋረጠ ድረስ በቄሮ ሥርዓት የጓሳ ሣር ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ተዘግቶ ይጠበቅ ነበር። ሣርን ዓመታት የጠበቀ ሕዝብ ሞተርን አንድ ቀን መጠበቅ አያቅተውም።

ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ሁለት ነገር በመተዳደሪያ ደንባቸው ቢያስገቡ መልካም ነው። አንደኛ፣ የተገለበጠ መሣሪያ መካኒክ አይቶ ሳይፈርምበት እንዳይነሳ፤ አሽከርካሪውም ለዚህ በመዘግየቱ እንዳይወቀስ። ሁለተኛ፣ የመገልበጥ መከላከያ ብረትና የወንበር ቀበቶ የሌለው ትራክተር በተዳፋት እንዳይሠማራ። ስዊድን በ1959 እ.ኤ.አ. መከላከያውን በአዲስ ትራክተሮች ላይ ግዴታ ካደረገች ወዲህ በመገልበጥ የሚሞተው ገበሬ ቁጥር እጅግ ቀንሷል። ቢየላ ተገዝቶ ይተካል፤ የገበሬው ሕይወት ግን መለዋወጫ የለውም።