መሥራትም ማወቅ ነው

በእኛ በተማሪዎች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ አስተሳሰብ አለ። ይኸውም ዕውቀት የሚገኘው ከመጽሐፍና ከላቦራቶሪ ብቻ ነው፤ ግጥም መግጠም፣ ሥዕል መሣል፣ ቴአትር መድረስ ግን ከጥናት በኋላ የሚመጣ መዝናኛ ነው የሚለው ነው። ስለ አንድ ግጥም አሥር ገጽ የጻፈ ተማሪ ማርክ ያገኛል፤ ግጥም የገጠመው ግን ይጨበጨብለትና ባዶ እጁን ወደ ዶርሙ ይመለሳል። ይህን አስተሳሰብ እኛ አንቀበለውም።

ማስረጃችንን ከሩቅ አገር አናመጣም። የቅኔ ቤትን እንመልከት። የቅኔ ተማሪ የግዕዝን ግስና አገባብ በመሸምደድ ብቻ አይመረቅም። ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ከመቍጠር ይጀምርና ባለ ስምንት ቤት ወደ ሆነው መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ቀኑን ከዛፍ ጥላ ሥር ሲቈጥር ይውልና ለመምህሩ ይነግራል፤ እሳቸውም ያርሙታል። የትናንቱን ቢደግም ወይም የሌላውን ቢያመጣ ዋጋ የለውም።

ይህ ለምን ሆነ? ግሱን ዐውቀዋለሁ ያለ ተማሪ፣ ያ ግስ ለሰሙም ለወርቁም በአንድ ጊዜ እንዲያገለግለው ሲፈልግ፣ ምን ያህል እንዳላወቀው ያን ጊዜ ይገለጥለታል። ከዚያም በላይ፣ በሁለት ነገሮች መካከል ማንም ያልነገረውን ዝምድና ራሱ ያገኛል። ይህ ዝምድና ቅኔው ከመቈጠሩ በፊት በልቡ አልነበረም፤ ያገኘው በመሥራት ነው። ሥዕልም እንዲሁ ነው። የሰው እጅ ሺህ ጊዜ ያየ ሰው አንድ ጊዜ ለመሣል ሲነሣ፣ አይቶት እንደማያውቅ ይረዳል።

«ይህ ስሜት እንጂ ዕውቀት አይደለም፤ በምን ይመዘናል?» የሚሉን አሉ። የቅኔ መምህራን ግን ሲመዝኑ ኖረዋል፤ ዛሬም ይመዝናሉ። ቤቱ ካልመታ፣ አገባቡ ከተፋለሰ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ቅኔው ይወድቃል። በእርግጥ የሠራ ሁሉ ዐወቀ አንልም፤ አራሚ የሌለው ሥራ ጩኸት ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የምንጠይቀውም ሥራውንና አራሚውን በአንድነት ነው።

በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም መሪነት የተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ሥዕል መሥራት ለዲግሪ የሚያበቃ ትምህርት ከሆነ፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ አንድ ግጥም ወይም አንድ አጭር ልብ ወለድ ሳይሞክር የሚመረቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው፤ እያንዳንዱ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በዓመት አንድ የራሱን ድርሰት በክፍል ፊት ያንብብ፤ ይታረም፤ ማርኩም ከፈተናው ጋር ይደመርለት። ማኅበራችንም ይህን ጥያቄ ለፋኩልቲው ያቅርብልን።

አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። የሌሎችን ወርቅ እየዘረዘርን ብቻ ብንመረቅ፣ ዲግሪ ይኖረናል እንጂ ወርቅ አይኖረንም።