ሲስተሙ ምን ሆነ?

ጎበዝ፣ ከጨንቻ እስከ አዲስ አበባ አፍ የምታስዘጋ አንዲት ቃል አለች፤ «ሲስተም ነው»! መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ብር ሲያወጡ አደሩ፡፡ ያለአግባብ ወጣ የተባለው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው፡፡ ያልመለሱት ሰዎች ፎቶ በየቅርንጫፉ ተለጠፈ፡፡ የስህተቱ ፎቶስ? ብሔራዊ ባንክ «መደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ» አለን፡፡

የወሰደ ይመልስ፣ በዚህ አልከራከርም፡፡

ግን ሌላው ዓለም ስህተቱን እንዴት እንደሚይዝ እዩ፡፡ ሊነክስ ውስጥ ፋይል በኔትወርክ የሚያጋራ ኤንኤፍኤስ የሚባል ክፍል አለ፡፡ እንደ እድር መዝገብ ቁጠሩት፡፡ ጸሐፊው የሚያነበው ቀደም ሲል የገለበጠውን ማስታወሻ ነው፤ ገንዘብ ያዡ በዚያችው ደቂቃ ዋናው መዝገብ ላይ ይጽፋል፡፡ ከፍሎ የወጣው ሰውዬ «አልከፈልክም» ይባላል! እንደ ፈረንጆቹ በ2016 (የእኛ 2016 አይደለም) በወጣው ሊነክስ 4.8፣ ትሮንድ ሚክለቡስት የሚባል ባለሙያ ደንብ አበጀለት፡፡ በማስታወሻ የሚሠራና በቀጥታ የሚሠራ አንድ ፋይል ላይ ባንድ ጊዜ አይገቡም፣ ተራ ይጠብቃሉ፡፡ በቀጥታ የሚሠሩት ግን ጎን ለጎን ይሂዱ፡፡ የተለወጠው መስመር ከነምክንያቱ፣ ከነስሙ፣ ዛሬም ለማንም ክፍት ነው፡፡

የባንካችን ስህተትም ይኸው ነው አልልም፡፡ የምለው፣ የቱ መስመር እንደተለወጠ፣ ማን እንደፈተሸው ተጽፎ ይውጣ ነው፡፡ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚማር የጨንቻ ልጅ የሊነክስን ስህተት ከነመፍትሔው በነፃ ያነባል፤ እናቱ ብር ያስቀመጠችበትን ባንክስ?