ደመወዝ የማይከፈላት ባለቤት

ሃያ ኪሎ ዛላ በርበሬ ለሽያጭ እስኪደርስ ምን ያህል ሥራ እንደሚፈጅ በርበሬ ያዘጋጀች ሁሉ ታውቀዋለች። ዛላው ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ደመና ሲመጣ ይነሳል፣ ሲገለጥ እንደገና ይሰጣል። ነጭ ሽንኩርቱ ይላጣል፣ ዝንጅብሉ ይፋቃል፣ ከበሶብላውና ከጤና አዳሙ ጋር ተወቅጦ በርበሬው ይደለዛል። የተደለዘው ታፍኖ ካደረ በኋላ መልሶ ይሰጣል። ኮረሪማው ይፈለፈላል፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ ይታመሳል፣ ጨው ይገባበታል። ከዚያ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ ተፈጭቶ ይመለሳል፣ ይነፋል፣ ይታሸጋል።

አሁን ነጋዴዋ ሒሳቧን የያዘችበትን ደብተር ተመልከቱ። የዛላው ዋጋ ተጽፏል። የቅመማ ቅመሙ፣ የወፍጮው፣ የታክሲውና የላስቲኩም እንዲሁ። ለመቀንጠስ የመጣችው የቀን ሠራተኛ የወሰደችው ሳይቀር ሰፍሯል። ሁሉም ተደምሮ ለኪሎው ሲካፈል አንድ ዋጋ ይወጣል፤ እሷም ትንሽ ትጨምርበትና መሸጫዋን ትቆርጣለች። ከማለዳ እስከ ምሽት ከበርበሬው አጠገብ ያልተለየችው፣ ዝናቡን የጠበቀችው፣ ወፍጮ ቤት ተሰልፋ የዋለችው ሴት ግን በደብተሩ ላይ የለችም። ለራሷ ድካም አንድ ሳንቲም አልተመደበለትም።

ለነጋዴ ሴቶች በየአዳራሹ ስለ ድፍረት፣ ስለ ራዕይና ስለ በራስ መተማመን ብዙ ተብሏል፤ መባሉም መልካም ነው። እኔ ግን የአንዲት ሴት ንግድ እንዲያድግ ከሁሉ በፊት መለወጥ ያለበት አስተሳሰብ የትኛው ነው ብትሉኝ መልሴ አንድ ነው፤ የራስ ጉልበት በነፃ ይገኛል ብሎ ማሰብ። ይህ ሳይስተካከል የሚመጣ ብድርም ሆነ ሥልጠና የሚጨምረው ድካሙን እንጂ ንግዱን አይደለም።

አስተሳሰቡ ከቤት ነው የመጣው። ልጅ ሆነን ውኃ ስንቀዳ፣ ቡና ስናፈላ፣ ታናሾቻችንን ስናዝል ሥራ ሠራችሁ ያለን አልነበረም። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ቤተሰቡ ሁሉ ከተኛ በኋላ ጋደም የምትለው እናት «ሥራዋ ምንድን ነው?» ሲባል መልሱ «ቤት ነው የምትውለው» ነበር። ሕጉም ለረጅም ጊዜ ይህንኑ ሲያጸና ኖሯል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ የጋራ ንብረቱን አስተዳደር በዋናነት ለእርሱ ሰጥቶ ነበር። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ወጥቶ ባልና ሚስት ንብረታቸውን በእኩልነት ያስተዳድራሉ እስኪል ድረስ አርባ ዓመት አልፏል። ሕጉ ተቀየረ፤ በደብተሩ ላይ ግን ሴትየዋ ዛሬም የለችም።

የባልትና ውጤቶች የምትሸጥ አንዲት ጎበዝ ነጋዴ አውቃለሁ። ሽሮዋ፣ በሶዋ፣ ሚጥሚጣዋ ከሰፈሩ አልፎ ይፈለጋል። «ለመሆኑ በወር ስንት ታተርፊያለሽ?» ብዬ ብጠይቃት «ተመስገን ነው፣ ቤቱ እየኖረበት ነው» አለችኝ። ከልብ የመነጨ፣ ያማረ መልስ ነው። ግን ለጥያቄዬ መልስ አይደለም። ሱቁ ያተርፍ እንደሆነ፣ ወይም የእሷን ጉልበት እየበላ ቆሞ እንደሆነ አታውቅም። ለምሳ የሚሆነው ሽሮ ከመደርደሪያው ይነሳል። የልጅ ደብተር፣ የእድር መዋጮ፣ የለቅሶ ቤት ወጪ፣ ለገጠር ዘመድ የሚላከው ብር ሁሉ ከአንዱ መሳቢያ ይወጣል። እነዚህ ወጪዎች ተገቢ ናቸው፤ አንዳቸውንም አትክፈሉ አልልም። የምለው ከሱቁ ሳይሆን ከባለቤቷ ደመወዝ ይውጡ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባራዊ ምክሬ፣ ለራሳችሁ ደመወዝ ቁረጡ። መጠኑን ለመወሰን አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ እኔ የምሠራውን ሥራ ሌላ ሰው ቀጥሬ ባሠራ በወር ስንት እከፍል ነበር? ያ ገንዘብ እንደ ዛላውና እንደ ወፍጮው ወጪ ሆኖ ይጻፍ። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ከንግዱ ሒሳብ ወደ ግል ሒሳባችሁ ይተላለፍ። ለዚህ ሁለት የባንክ ደብተር ወይም ሁለት የተለያየ የሞባይል ገንዘብ ሒሳብ ያስፈልጋል፤ አንዱ የሱቁ፣ አንዱ የእናንተ። ከመደርደሪያው ለቤት የሚነሳው ሽሮም በመሸጫ ዋጋው ይመዝገብና ከደመወዙ ይቀነስ።

ይህን ያደረገች ሴት በመጀመሪያዎቹ ወራት ልትደነግጥ ትችላለች። ደመወዟን ስትከፍል ሱቁ ኪሳራ ላይ ሊገኝ ይችላል። ድንጋጤው ጠቃሚ ነው፣ ምክንያቱም የት እንደቆመች ያሳያታል። ወይ ዋጋዋ ዝቅ ብሏል፣ ወይ የሚባክን ነገር አለ፣ ወይ የምትሸጠው ዕቃ ከጎረቤቷ ስለማይለይ ዋጋ መጨመር አትችልም። ሦስቱም መፍትሔ ያላቸው ችግሮች ናቸው፤ ሳይታዩ ሲቀሩ ግን ንግዱን ቀስ በቀስ ይገድሉታል።

«ዋጋ ብጨምር ደንበኛ ይሸሸኛል» የሚለው ስጋት እውነተኛ ነው። በአንድ መንገድ አምስት ሴቶች አንድ ዓይነት እንጀራ በሚሸጡበት ሰፈር ዋጋ የጨመረች ትጎዳለች። መውጫው ከአምስቱ መለየት ነው። የዓለም ባንክ አጥኚዎች ከሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጋር ሆነው በቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎችን በሦስት ቡድን ከፍለው ያደረጉት ጥናት እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። አንዱ ቡድን የተለመደውን የሒሳብ አያያዝና የግብይት ትምህርት ወሰደ። ሌላው ሳይታዘዙ ቀድሞ መነሳትን፣ ከሌላው መለየትን፣ እንቅፋትን አስቀድሞ አስቦ መዘጋጀትን በልምምድ ተማረ። ሦስተኛው ቡድን ሥልጠና አልተሰጠውም። ውጤቱ በጎርጎሮሳውያኑ 2017 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ወጣ። ከሦስተኛው ቡድን ጋር ሲነጻጸር ቀድሞ መነሳትን የተለማመዱት ትርፋቸው 30 በመቶ ሲያድግ፣ የተለመደውን ትምህርት የወሰዱት ግን ያሳዩት ለውጥ አነስተኛ ነበር። በሴቶቹ ዘንድ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ሰፋ፤ ትርፋቸው 40 በመቶ ያህል አደገ።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ሴቶች የተለማመዱት «እችላለሁ» ብሎ መድገምን አይደለም። ሠልጣኞቹ በገዛ ንግዳቸው ላይ ዕቅድ አውጥተው እየተገበሩ ነው የተማሩት። ወደ እኛ ስናመጣው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት በርበሬ ሲሸጥ ለምግብ ቤቶች በብዛትና በቋሚ ጥራት ማቅረብ መለየት ነው። ለጾም ቀናት የተዘጋጀ የሽሮ ዓይነት፣ ለብቻዋ ለምትኖር ሴት የሚሆን ትንሽ እሽግ፣ ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ የማይፈስ ማሸጊያ፣ እነዚህም መለየት ናቸው።

መለየት ሲባል የሥራውን ዘርፍ ራሱን እስከ መቀየር ሊሄድ ይችላል። በኡጋንዳ ካምፓላ፣ ካትዌ በተባለ ሰፈር በተደረገ ጥናት እንደ ብረታ ብረትና እንደ መኪና ጥገና ያሉ የወንድ የሚባሉ ሥራዎች ውስጥ የገቡ ሴቶች ከወንዶቹ ጋር የሚስተካከል ትርፍ ሲያገኙ፣ በተለመዱት የሴት ሥራዎች ከቀሩት ሦስት እጥፍ ያህል ያተርፉ ነበር። የቀሩት ሴቶች ብዙዎቹ በሌላው ዘርፍ ያን ያህል እንደሚገኝ እንኳ አያውቁም። የገቡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን ያሳያቸው አባት፣ ባል ወይም ሌላ ቅርብ ሰው ነበራቸው። ጎረቤቴ የከፈተችውን ልክፈት ከማለት በፊት ሌላው ገበያ ምን እንደሚከፍል መጠየቅ ይጠቅማል።

ጉልበት ዋጋ ሲቆረጥለት ሌላም ነገር ይታያል። ባለቤቷ ሰዓቷን የት እንደምታውለው መጠየቅ ትጀምራለች። ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ የምትውል ነጋዴ በዚያ ቀን ሦስት ምግብ ቤት ዞራ ትእዛዝ ልትይዝ ትችል ነበር። መላጡን ሌላ ሰው ተከፍሎት ይሠራዋል፤ ደንበኛ ማፈላለጉን፣ ከነጋዴ ጋር መደራደሩን፣ ጥራት መቆጣጠሩን ግን እንደ እሷ የሚሠራላት የለም። የመጀመሪያው ሠራተኛ የሚቀጠረው ለዚህ ነው፤ ባለቤቷ ንግዱን ወደሚያሳድገው ሥራ እንድትሸጋገር።

መቼ እናስፋፋ? «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እየተባልን ያደግን ነንና ሁለተኛ ሱቅ ስናስብ ይህ ተረት ቀድሞ ይመጣብናል። በውስጡ ያለው ጥንቃቄ ተገቢ ነው። ግን ከቆጡ እጃችሁን ከመሰብሰባችሁ በፊት በብብት ያለው ምን ያህል እንደሆነ ቁጠሩ። ለሦስት ተከታታይ ወራት ደመወዛችሁን ከፍላችሁ፣ ያለቀውን ዕቃ ተክታችሁ፣ ከዚያም የተረፈ ገንዘብ ካለ ሱቁ ለማደግ ደርሷል። ካልተረፈ ሁለተኛ ሱቅ የሚያመጣው ሁለተኛ ድካም ነው።

ስለ እቁብም አንድ ነገር ልበል። ሃያ ሰው በሳምንት 2,000 ብር የሚጥልበት እቁብ ዕጣ ለደረሳት 40,000 ብር ያስጨብጣል። ወለድ የለውም፣ ቤት አስይዢ የሚል የለም። ችግሩ ገንዘቡ እጅ ሲገባ የቤቱ ጥያቄ ሁሉ አብሮ መነሳቱ ነው፤ ሶፋው አርጅቷል፣ የዘመድ ሠርግ ደርሷል። መፍትሔው ቀላል ደንብ ነው። ከሱቁ ሒሳብ የተጣለ እቁብ ዕጣው ሲወጣ ወደ ሱቁ ይመለሳል፤ ማሸጊያ ማሽን ወይም በርበሬ በሚረክስበት ወቅት የሚገዛ ዛላ ይሆናል። ከደመወዛችሁ የተጣለ ከሆነ ሶፋውን በሰላም ግዙ። ገና የመጀመሪያውን ሳምንት ስትጥሉ ገንዘቡ የሚውልበትን ነገር ጻፉት።

ከእቁብ በላይ ገንዘብ የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣ የለያችሁት ሒሳብ ይመሰክርላችኋል። ባንክ ለብዙ ሴት የተዘጋው በዋስትና ምክንያት ነው፤ ቤቱም መኪናውም በባል ወይም በአባት ስም ይሆናል። ይህን ለማቃለል የተጀመሩ ነገሮች አሉ። አሥራ አንድ ሴቶች የመሠረቱትና በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ የሴቶችን የፋይናንስ ችግር ዓላማው አድርጎ ተነስቷል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽንን፣ የዕቃ ክምችትንና ገና ያልተሰበሰበ የዱቤ ሽያጭን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት በዋስትና ለመያዝ መንገድ ከፍቷል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል፤ የድርጅቱና የባለቤቷ ንብረት በሕግ ፊት ይለያያል ማለት ነው። ነገር ግን አበዳሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ገንዘቡ እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ ነው። ሁሉ ነገር በአንድ መሳቢያ ሲገባና ሲወጣ የኖረ ንግድ ስንት ዓመት ቢሠራ ለዚህ ጥያቄ የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

አስተሳሰብ ብቻውን ሁሉን ይፈታል እያልኩ አይደለም። ልጅ የምታውልበት ያጣች እናት፣ የመሸጫ ቦታ የተነፈገች ነጋዴ፣ የዋጋ ንረት ካፒታሏን የበላባት ሴት የሚያስፈልጋት ምክር ብቻ አይደለም። መንግሥትም፣ ባንኮችም፣ ማኅበራትም የየድርሻቸው ዕዳ አለባቸው። ዕዳውን ስንጠይቅ ግን ሒሳባችንን ይዘን ብንጠይቅ ይሻላል። ድካማችን በቁጥር ሲጻፍ ማንም በቀላሉ አያልፈውም።

ለቤተሰብም አንድ ቃል አለኝ። ባሎች፣ ወንድሞች፣ ልጆች፣ ከእሷ ሱቅ ዕቃ ስታነሱ ክፈሉ። ገንዘብ ስትፈልጉ ከመሳቢያው አትውሰዱ፣ እሷን ጠይቁ። ቀኑን ሱቅ ቆማ የዋለችው ሴት ማታ ብቻዋን ወጥ ቤት አትቁም። እናንተም እህቶቼ፣ ደመወዝ የምትቆርጡበት ቀን ንግዱ ሲያድግ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ንግዱ የሚያድገው ደመወዙ ከተቆረጠ በኋላ ነው። በዚህ ሳምንት ደብተሩን ክፈቱና ከዛላው ዋጋ በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር የራሳችሁን ስም ከነደመወዙ ጻፉ።