«ስንት ኩንታል?» ብቻ ሳይሆን «መቼ?» እንበል

ስለ ማዳበሪያ ሲወራ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ኩንታል?» የሚለው ነው። ገበሬውም፣ የልማት ሠራተኛውም፣ እኛ ተማሪዎችም የምንቆጥረው ኩንታል ነው። በእኔ አስተያየት ግን ለስንዴ ከመጠኑ እኩል «መቼ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ኤንፒኤስና 100 ኪሎ ዩሪያ የገዛ ገበሬ እንውሰድ። ከኤንፒኤሱ 19 ኪሎ፣ ከዩሪያው 46 ኪሎ፣ በድምሩ 65 ኪሎ ናይትሮጅን ያገኛል። ኤንፒኤስ ፎስፈረስ ስላለው ከዘር ጋር መግባት አለበት፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የዩሪያውም ግማሽ አብሮ ከገባ ግን 42 ኪሎው፣ ማለትም ወደ ሁለት ሦስተኛው የሚጠጋው፣ ገና ላልበቀለ ሰብል ተሰጠ ማለት ነው። ስንዴ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚወስደው ናይትሮጅን ጥቂት ነው። አብዛኛውን የሚፈልገው ከሥሩ ተጨማሪ ቡቃያዎችን አውጥቶ ግንዱ መመዘዝ ከሚጀምርበት ጊዜ አንስቶ እስኪያዘረዝር ድረስ ነው።

ታዲያ ቀድሞ የተሰጠው የት ይሄዳል? ዩሪያ አፈር ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ናይትሬትን ደግሞ አፈር አጥብቆ ስለማይዘው የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ይዞት ይሰርጋል። በመረሬ አፈር ላይ ውሃ ሲተኛ ደግሞ አየር ስለሚያጥር ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ይለውጡታል። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ገበሬው «ማዳበሪያው አነሰኝ» ብሎ ለከርሞ ሌላ ኩንታል ለመጨመር ያስባል። ተበድሮ የገዛው ግን ከእርሻው ወጥቶ ሄዷል።

«ከፋፍሎ መስጠት ጉልበት ይጠይቃል» የሚል መልስ ይሰማል። እውነት ነው፤ ጊዜው ከአረም ሥራ ጋር ይጋጫል። ነገር ግን አረሙ መታረሙ አይቀርም። መጀመሪያ አርሞ ወዲያው ዩሪያውን መስጠት ይሻላል፤ ካልሆነ የምንቀልበው አረሙን ነው። «ዝናቡ ቢቀርስ?» የሚለው ስጋትም ተገቢ ነው፤ መሬት ላይ ተበትኖ ዝናብ ሳያገኝ የቆየ ዩሪያ አሞኒያ ሆኖ ሊተን ይችላል። ስለዚህ አፈሩ እርጥበት ሲኖረውና ቀለል ያለ ዝናብ ሲጠበቅ ይሰጥ። ውሃ የተኛበት ማሳ ደግሞ በቅድሚያ ይጠንፈፍ። በጣም በተጎዳ መሬት ላይ ከዩሪያው ጥቂቱን በዘር ጊዜ መስጠት ሊያስፈልግ ይችላል። ትልቁ ድርሻ ግን መቆየት አለበት። ከመጠን በላይ ማዘግየትም አይበጅም፤ ካዘረዘረ በኋላ የሚሰጠው የፍሬውን ፕሮቲን ቢያሻሽል እንጂ ምርቱን እምብዛም አይጨምርም።

ቀን መቁጠርም ብቻውን አይበቃም። በባሌ ደጋና በአዋሽ ቆላ የመስኖ ስንዴ 35ኛው ቀን አንድ አይደለም፤ ሙቀቱ ሰብሉን ያፈጥነዋል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛ ሆነን ስንወጣ ገበሬውን «ስንት ቀን ሆነው?» ከማለት አብረነው ማሳው ውስጥ ገብተን ቡቃያውን ነቅለን ብናሳየው ይሻላል።

ለዲፓርትመንታችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። በመጪው መኸር በሠርቶ ማሳያው ላይ ሦስት መደብ ስንዴ እንዝራ፤ የዩሪያው መጠን እኩል ሆኖ የሚሰጥበት ጊዜ ብቻ ይለያይ። ምርቱን መዝነን ውጤቱን እዚሁ መጽሔት ላይ እናውጣ። ሐሳቤ ስህተት ከሆነም ሚዛኑ ይናገር።