ደጋሹ የት ሄደ?

ቁስቋም የሸማኔ ሰፈር ነው። የሸማኔ ልጅ ሙያውን የሚማረው ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ነው፤ ድሩ ቢበጠስ አባት ያያል። ለኩታ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ለልጆቻችን አንደበት ለምን እንሰንፋለን?

«መንገድ ላይ ከሚውሉ እቤቴ ቢዘፍኑ ይሻላል» እያሉ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች የካራኦኬ ድግስ የሚደግሱ ወላጆች አሉ። ማይክሮፎኑን አስጨብጠው፣ በሩን ዘግተው ይወጣሉ። መሣሪያው በ1971 እ.ኤ.አ. በጃፓን፣ ቆቤ ከተማ፣ ለመጠጥ ቤት ደንበኞች የተሠራ ነው። ስሙም «ባዶ ኦርኬስትራ» ማለት ነው። ባዶውን የሚሞላው የልጃችን ድምፅ ነው፤ ቃሉ ግን የሌላ ሰው ነው። ቃሉን መርምራችሁታል?

ደስታ ይከልከል አላልንም። በዒድ ቀን በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ሁለት ልጃገረዶች ሲያዜሙ አቡበክር (ረ.ዐ) ቢቆጡ፣ ነቢዩ እንዲተዉአቸው ነግረዋቸዋል። ነገር ግን ልብ በሉ! እሳቸው እዚያው ቤት ውስጥ ነበሩ።

ደጋሾች ሆይ! ቤታችሁን ክፈቱ፤ ግን አብራችሁ ተቀመጡ። የወሎን መንዙማ አንዱ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ ከልጆቻችሁ ጋር በሉ። ሁላችንም ጠባቂዎች ነን፤ ስለምንጠብቀውም እንጠየቃለን። ነገ አላህ (ሱ.ወ) ፊት «ልጆቹ እቤቴ ነበሩ» ብንል፣ «አንተስ?» ለሚለው ምን መልስ አለን?