የራሊ ስምና የንግድ ቤት ዕድሜ

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የግሪክ ነጋዴዎች ሱቅና መጋዘን በብዛት ይታይ በነበረበት ዘመን፥ ከበሩ በላይ ተጽፈው የሚነበቡት ስሞች ለአፍ ቢያስቸግሩም ለዐይን የተለመዱ ነበሩ። በ«ፑሎስ» የሚያልቀው አለ፤ በ«አኪስ» የሚያልቀው አለ፤ በ«ኢዲስ» የሚያልቀውም አለ። «ፑሎስ» የእገሌ ልጅ እንደ ማለት ሲሆን በፔሎፖኔዝ አገር ይበዛል፤ «አኪስ» የቀርጤስ ሰዎች ምልክት ነው፤ «ኢዲስ» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቁር ባሕር ዳርቻና ከታናሽ እስያ የመጡትን ያመለክታል። ራሊ፥ በግሪክኛው አጠራር ራሊስ፥ የሚባለው የቤተ ሰብ ስም ከእነዚህ ቅጥያዎች አንዱም የለበትም። ቢሆንም በግሪክ ነጋዴዎች ታሪክ ውስጥ ዝናው ከዚህ ስም የሚበልጥ ጥቂት ነው። አንድ የንግድ ቤት ከመሥራቹ ሞት በኋላ በምን ኃይል ሊቆም እንደሚችል የዚህ ስም ታሪክ ስለሚያሳይ፥ አስመጪም ላኪም ባለ ሱቅም ቢመለከተው ጥቅም አለው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ስለ ኢትዮጵያ ሕግ ከሚነገረው በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስሙ ጥንታዊ ነው። በቢዛንታይን መንግሥት ዘመን ራውል ወይም ራሊስ የሚባል የመኳንንት ቤት ነበረ፤ ከኖርማኖች ወገን የመጣ ነው ይባላል። በንግድ የታወቁት ራሊዎች ግን የኪዮስ ደሴት ሰዎች ናቸው። ኪዮስ በኤጌ ባሕር ውስጥ፥ በታናሽ እስያ ጠረፍ አጠገብ የምትገኝ፥ ማስቲካ በሚባለው የዛፍ ሙጫና በሐር ሥራ የታወቀች ደሴት ናት። በ1822፥ ግሪኮች ስለ ነጻነታቸው በሚዋጉበት ጊዜ፥ የኦስማን ቱርክ ሠራዊት ደሴቲቱን አጠፋት፤ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተገደለ፤ ብዙውም ለባርነት ተሸጠ። ከሞት የተረፉት ነጋዴዎች ወደ ትሪየስቴ፥ ወደ ሊቮርኖ፥ ወደ ማርሴይ፥ ወደ ኦዴሳና ወደ ለንደን ተበተኑ። መበተን ሌላውን ሕዝብ ያጠፋዋል፤ ለኪዮስ ነጋዴዎች ግን በየወደቡ የሚታመን ዘመድ እንዲኖራቸው ምክንያት ሆነ።

ከራሊ ቤተ ሰብ የእስጢፋኖስ ልጆች የሆኑት ወንድማማቾች አምስት ነበሩ። ከመካከላቸው ሁለቱ ከኪዮስ ጥፋት አስቀድሞ፥ በ1818 ገደማ፥ በለንደን ከተማ የንግድ ቤት ከፍተዋል። ቤቱን ከፍ ወዳለ ደረጃ ያደረሰው ግን በ1793 ተወልዶ በ1865 የሞተው ፓንዲያስ ራሊ ነው። በለንደን የግሪክ መንግሥት ቆንስልም ነበረ። የአገሩ ሰዎች በሥልጣኑ ከፍተኛነት «ዜውስ» እያሉ በጥንቱ የግሪኮች አምላክ ስም ይጠሩት እንደ ነበር ይነገራል። ወንድማማቾቹ ሥራቸውን በየወደቡ ተከፋፈሉ። ከጥቁር ባሕር ወደቦች እህል እየጫኑ ወደ እንግሊዝ አገር ያመጡ ነበር፤ የእንግሊዝን ጨርቃ ጨርቅ ደግሞ በትራብዞን በኩል አሳልፈው እስከ ፋርስ፥ እስከ ታብሪዝ ድረስ ይልኩ ነበር። እንግሊዝ ከውጭ በሚገባው እህል ላይ ቀረጥ የጣለውን ሕግ በ1846 በሻረ ጊዜ፥ የእህሉን መንገድ አስቀድመው የያዙት እነዚህ ሰዎች ምን ያህል እንደ ተጠቀሙ መገመት አያስቸግርም።

ከዚያም ወደ ሕንድ አለፉ። በ1851 በካልካታ፥ በ1861 በቦምቤይ ቅርንጫፍ ከፈቱ። በካልካታ ዋናው ሸቀጥ ለጆንያ መሥሪያ የሚሆነው የጁት ጭረት ሲሆን፥ በቦምቤይ በኩል ጥጥ ነበር፤ የቅባት እህልም ይጨመርበታል። የቦምቤይ ቅርንጫፍ በተከፈተበት በዚያው ዓመት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፤ የአሜሪካ ጥጥ ወደ ላንካሻየር ፋብሪካዎች መድረሱ ተቋረጠ፤ የሕንድ ጥጥም ዋጋው እጅግ ከፍ አለ። ይህን ዕድል ብቻ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው ነገሩን አልመረመረውም። ራሊዎች ወደቡ ላይ ተቀምጠው ደላላ የሚያመጣላቸውን ብቻ የሚጠብቁ አልነበሩም፤ ወደ አገር ውስጥ ገበያዎች ወኪሎች እየላኩ ሸቀጡን ከምንጩ አጠገብ መግዛትን ልማድ አደረጉ። ቡናና ሰሊጥ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል።

የስሙ ዋጋ በዚህ መካከል አደገ። በዚያ ዘመን በየብሱም በባሕሩም መልእክት ለመድረስ ሳምንታት፥ አንዳንዴም ወራት ይፈጅ ነበር። በካልካታ ያለው ሻጭ በለንደን ያለውን ገዢ አያውቀውም። የሚያውቀው በሐዋላ ወረቀቱ ግርጌ የተጻፈውን ስም ብቻ ነው። ራሊ የሚል ፊርማ ያለበት ወረቀት በቀኑ የሚከፈል ለመሆኑ ጥርጥር ከሌለ፥ ወረቀቱ እንደ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ስለዚህ ከቤተ ሰቡ አንዱ በአንድ ወደብ የገባውን ውል ቢያፈርስ፥ ጉዳቱ በእርሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ የአጎቱም የወንድሙም ፊርማ በሌላው ወደብ ይቀልላል። ዘመዶች እርስ በርሳቸው እየተቈጣጠሩ፥ ወጣቶቹም ከጸሐፊነት ጀምረው ሥራ እየተማሩ ያደጉት ስለዚህ ነው። እንደ አርጀንቲና እንደ ስካራማንጋ ካሉት ሌሎች የኪዮስ ቤቶች ጋርም በጋብቻ ተሳስረው ነበር። እንዲህ ያለው መቀራረብ እንግዳን የሚያርቅ መሆኑ አይካድም፤ ደግሞም ልባም የሆነው ባዕድ ቀርቶ ሰነፉ የአጎት ልጅ የሚሾምበት ጊዜ እንደሚኖር የታወቀ ነው።

ስሙ ከንግድ ውጭም ብዙ ቦታ ደርሷል። ፓንዴሊ ራሊ ከ1875 እስከ 1885 በእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት አባል ነበረ። ቴዎዶሮስ ራሊስ የተባለው ሠዓሊ፥ በ1852 በቍስጥንጥንያ ተወልዶ በፓሪስ የሠራ፥ የምሥራቅን አገርና የግሪክን ቤተ ክርስቲያን ሕይወት በመሣል ታወቀ። በእንግሊዝ አገር ባለ ሁለት እግር የሆነች አንዲት ቀላል የፈረስ ጋሪ ሳትቀር «ራሊ» ተብላ ተጠርታለች። ለጋሪ ስም እስከ መሆን የደረሰ ነጋዴ በየጊዜው አይገኝም።

በግሪክ ፖለቲካ ውስጥ ራሊስ የሚለው ስም የጠቅላይ ሚኒስትሮች ስም ነው። እነዚህን ከለንደኖቹ ነጋዴዎች ጋር አንድ ቤት አድርጎ መቍጠር ግን አይገባም፤ የስም መመሳሰል የደም ዝምድና ማስረጃ አይሆንም። ዲሚትሪዮስ ራሊስ አምስት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ በ1921 ሞተ። ልጁ ዮአኒስ ራሊስ ጀርመኖች ግሪክን በያዙበት ጊዜ፥ ከ1943 እስከ 1944፥ በወራሪው ሥር ጠቅላይ ሚኒስትርነትን ተቀበለ፤ ከጠላት ጋር በመተባበር ተከስሶ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በ1946 በእስር ቤት ሞተ። የዮአኒስ ልጅ ጊዮርጊዮስ ራሊስ ይህን ስም ተሸክሞ ወደ ፖለቲካ ገባ። በ1976 የትምህርት ሚኒስትር ሳለ፥ ሕዝቡ የሚናገረው ግሪክኛ የትምህርት ቤት ቋንቋ እንዲሆን የወሰነው ሕግ ወጣ፤ በ1979 ግሪክ ወደ አውሮፓ የኤኮኖሚ ማኅበር የምትገባበትን ውል ከፈረሙት አንዱ ሆነ፤ ከ1980 እስከ 1981 ጠቅላይ ሚኒስትር ነበረ። የአያቱ ክብር የአባቱን ጥፋት አልሸፈነለትም፤ የአባቱም ጥፋት የራሱን መንገድ አልዘጋበትም። በንግድ ቤት ግን እንዲህ ያለ ምሕረት እምብዛም የለም፤ ባንክ የአባትን ዕዳ ልጁ ደግ ስለ ሆነ አይረሳውም።

አሁን ወደ ስሙ አሠራር መመለስ ያስፈልጋል። ግሪኮች ሰውን በሦስት ስም ይጽፉታል። ፓንዲያስ የሰውየው ስም ነው፤ እስጢፋኖስ የአባቱ ስም ነው፤ ራሊ የቤቱ ስም ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ልክ እንደ ኢትዮጵያ ልማድ ናቸው፤ ልዩነቱ ሦስተኛው ብቻ ነው። ይህ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ በንግድ መዝገብ ላይ ግን ትልቅ ነው። ለምሳሌ ያህል፥ በለጠ የተባለ አስመጪ በራሱ ስም ሠላሳ ዓመት ሠርቶ በውጭ አገር ፋብሪካዎችና ባንኮች ዘንድ ይታመን እንበል። ልጁ ግርማ በለጠ ሲተካ ስሙ ገና ይታወቃል። የልጅ ልጁ ዳዊት ግርማ ሲመጣ ግን በለጠ ከደብዳቤው ላይ ጠፍቷል። የውጭው ላኪ አዲስና የማያውቀው ሰው የጻፈለት ይመስለዋል፤ ለአያቱ በዱቤ ይሰጥ የነበረውን ዕቃ ለእርሱ ሲሆን ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቅበታል። ሁለት ትውልድ የደከመበት ዝና በአንድ የስም ለውጥ ይባክናል።

ይህን ያዩ አንዳንድ ሰዎች ኢትዮጵያውያንም እንደ አውሮፓውያን የቤተ ሰብ ስም ይያዙ ይላሉ። ይህ አሳብ ከሚገባው በላይ የሚሄድ ነው። የሰው መጠሪያ የሕዝቡ ልማድ ነው፤ ለዕዳና ለብድር ሲባል የሚለወጥ አይደለም። ለንግዱ የሚያስፈልገው ስም በሰውየው ላይ ሳይሆን በቤቱ ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ ይቻላል፤ ሕጉም ለዚህ አስቀድሞ አስቦበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የንግድ ስምን የንግድ መደብር ከሚቋቋምባቸው ነገሮች እንደ አንዱ ቆጥሮት ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም ለንግድ ስም ቦታ ሰጥቶታል። ስለዚህ አያቱ «በለጠ» ብሎ ያስመዘገበው ቤት በልጅ ልጁ ዘመንም «በለጠ» ተብሎ ሊጠራ የሚከለክለው ነገር የለም። ጉድለቱ ያለው በሕጉ ሳይሆን በልማዱ ነው፤ ብዙ ነጋዴ ስሙን የሚያስመዘግበው ፈቃድ ለማውጣት እንጂ ለልጆቹ ለማውረስ አይደለም።

የተመዘገበ ስም ደግሞ ከቤተ ሰቡ ሊለይ የሚችል መሆኑን ማወቅ ያሻል። የራሊ ቤት በመጨረሻ በሌሎች እጅ ገባ፤ የጥጥ ንግዱ ክፍል በ1981 ለአሜሪካው የካርጊል ኩባንያ ተሸጠ። በሕንድ አገር በ1948 የተቋቋመው ራሊስ ኢንዲያ ዛሬ የታታ ቡድን ኩባንያ ሆኖ የሰብል መድኃኒትና ዘር ይሸጣል። የሕንድ ገበሬ የፀረ ተባይ ጠርሙስ ሲገዛ የሚያነበው፥ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ለንደን የገቡትን የኪዮስ ወንድማማቾች ስም ነው።

በኢትዮጵያ የአንድ ነጋዴ ወራሾች መደብሩን ሲከፋፈሉ፥ አንዱ መጋዘኑን፥ አንዱ ሱቁን፥ አንዱ መኪናውን ይወስዳል፤ ስሙ ግን በክፍፍሉ ወረቀት ላይ ሳይጠቀስ ይቀራል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሦስቱም በአባታቸው ስም ደብዳቤ መጻፍ ይጀምራሉ፤ አንዱ ያላደረሰውን ዕቃ የውጭው ደንበኛ ከሌላው ይጠይቃል። ይህ ክርክር እንዳይነሣ የንግዱ ስም ለማን እንደሚቀር፥ የቀሩት ወራሾች በስሙ ለመጠቀም ይችሉ ወይም አይችሉ እንደ ሆነ፥ ስሙን የሚይዘውም ለሌሎቹ ምን ያህል እንደሚከፍል፥ አባት በሕይወት ሳለ በኑዛዜ ወይም በማኅበሩ መመሥረቻ ጽሑፍ ውስጥ ሊጻፍ ይገባል።