ሻሸመኔን በእግር

ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ተከታታይ ሳይክል ነድቼ ጉልበቴ እንቢ ሲል አንድ ቀን አረፍኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አሞራ ገደል ሄጄ ዓሣ በልቼ እመለስ ነበር። የዛን ቀን ግን ሳይክሌን ቤት ትቼ በሚኒባስ ሻሸመኔ ወረድኩ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ጥቁር ውሃን ከተሻገርክ በቃ ደረስክ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሻሸመኔን በሳይክል ስንቴ እንዳለፍኳት አልቆጠርኩም። ግን አንድ ዓይኔ ባጃጅ ላይ፣ አንዱ አይሱዙ ላይ ሆኖ ነው። ከተማዋን አይቻት አላውቅም ማለት ይቀላል።

በእግር ስትዞሯት ሌላ ናት። ገበያው መሃል ቆማችሁ ዙሪያውን እዩ። በምሥራቅ ኮፈሌና ዶዶላ አልፎ ባሌ፣ በምዕራብ ሀላባና ወላይታ፣ በሰሜን አዲስ አበባ፣ በደቡብ እኛ። ድንቹ በጋሪ ይገባል፣ የሀላባ በርበሬ ገና ከሩቅ ያስነጥሳል። ቡና ልጠጣ በተቀመጥኩበት ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ ሰማሁ፤ ማንም ማንን አስተርጓሚ አልጠየቀም። የምንኮራበት የሀዋሳ ምሳ ግማሹ በዚህ በኩል እንደሚመጣ ግን እናወራለን? አናወራም።

ሀዋሳ ዕድለኛ ናት። ሐይቅ አላት። በራስ መንገሻ ሥዩም ጊዜ በፕላን ተቆረቆረች፣ የሲዳሞ ከተማ ሆነች፣ ከዚያ የደቡብ፣ አሁን የሲዳማ ክልል። ዩኒቨርሲቲውም ኢንዱስትሪ ፓርኩም እኛ ጋ ነው። ሻሸመኔን ያሳደጋት መንገድና ነጋዴ ነው፤ በመንግሥት በኩል ከዞን ከተማነት አላለፈችም።

ውጭ አገር ሰው ስለሷ የሚያውቀው ጃማይካ ሰፈርን ነው። ጃንሆይ በውጭ ላሉ ጥቁሮች የሰጡት መሬት፣ አብዛኛውን ደርግ በ1967ቱ አዋጅ ወሰደው። መሬቱ ተወስዶም የቀሩ አሉ፣ እዚሁ ያረጁ። መንግሥት የነዋሪነት መታወቂያ እሰጣችኋለሁ ያላቸው በ2009 ነው! እኛ ጎረቤቶቻቸው ስንቶቻችን ሄደን ሰላም ብለናቸዋል?

የሰኔ 2012ንም አልረሳሁም። ስንት ሰው ንብረቱ ወደመ፣ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሆቴል ሳይቀር። ከዚያ ወዲህ ከመኪና ሳይወርድ የሚያልፍ ሀዋሴ አውቃለሁ፤ አልፈርድበትም። ግን በሩን መልሶ የከፈተው ባለሱቅም እዛው ነው ያለው፣ ገበያ ይፈልጋል። የሞጆ ሀዋሳ ፈጣን መንገድ ሲያልቅ ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ለሻይ እንኳ አይቆምም፤ ፈጣን መንገድ ከተማ መሃል አይገባም። ይሄ ያሳስበኛል።

አሁን ኑዛዜ። ከዓመታት በፊት ክፍል ውስጥ «ሻሸመኔ ከተማ ሳትሆን መናኸሪያ ናት» ብዬ አሳቅኳችሁ፣ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከኋላ አንድ ልጅ አልሳቀም። ከሻሸመኔ እየተመላለሰ የሚማር ነበር፣ ሌሊት ተነስቶ፣ አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። የዛን ቀን አይቼው ዝም አልኩ።

ይሄን ካነበብክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ ልጄ። በሚቀጥለው የእረፍት ቀኔ እመጣለሁ። ሰፈርህን አንተ ታሳየኛለህ፣ ቡናው በኔ ነው።